ነዳጅ ሲጠፋ፣ ገንዘብ ሲረክስ፦ የደሴት ዓሣ አጥማጆች በምን ይቋቋሙታል?

ማርታ_ደ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። እዚህ ስለ ዓሣ ሀብትም ስለ ኢኮኖሚም የሚያውቁ ሰዎች እንዳሉ አይቻለሁና አንድ ጥያቄ ላንሳ።

በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ስሪላንካ ስትናጥ ዜናውን በየቀኑ እከታተል ነበር። ኤፕሪል ላይ አገሪቱ የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቆመች። ጁላይ ላይ ፕሬዚዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳ አገር ጥለው ወጡ። ሴፕቴምበር ላይ የዋጋ ንረቱ 70 በመቶ አካባቢ ደረሰ። ወሬው ሁሉ ስለ ሰልፉና ስለ ቤተ መንግሥቱ ነበር። እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ነጭ ጋዝ ለመቅዳት ጄሪካን ደርድረው የሚጠብቁት ዓሣ አጥማጆች። ጀልባቸው አሸዋ ላይ ቆሟል። ባህሩ ፊታቸው ነው፤ ዓሣውም የትም አልሄደም። ግን መውጣት አይችሉም።

ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሳነብ መልሱ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። "የገቢ ምንጫቸውን ያስፉ፣ ሌላ ሙያ ይልመዱ" ይላል። እሺ፤ ግን ደሴት ላይ ያለ ሰው የትኛውን ሌላ ሥራ ነው የሚይዘው? መሬቱ ትንሽ ነው፣ ዙሪያው ውሃ ነው፣ አገሩ በሙሉ ሥራ ባጣበት ሰዓት ደግሞ ከተማ ገብቶስ ምን ያገኛል?

እና ትንሽ ጀልባ ያለው አጥማጅ ቀውስ ሲመጣ በተግባር የሚያደርገው ምንድን ነው? በመጀመሪያው ወር? በሁለተኛው ዓመትስ? ደግሞ ከጎረቤታሞች አንዱ በእግሩ ቆሞ ሲወጣ ሌላው ጀልባውን ሸጦ በሰው ጀልባ ላይ ተቀጣሪ ሆኖ የሚቀረው ለምንድን ነው? የምታውቁት አገር ካለ በምሳሌ ጻፉልኝ።

የውሃ_ሰው፦

ማርታ፣ ይህን ለመረዳት ከአንድ ጉዞ ሂሳብ መነሳት ነው የሚሻለው። አብዛኛው ሰው አጥማጅ ደሞዝ ያለው ይመስለዋል። የለውም። በአብዛኞቹ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ የሚሠራው በድርሻ ነው፤ ዓሣው ይሸጣል፣ መጀመሪያ ነዳጅና በረዶ የመሳሰለው ወጪ ይነሳል፣ የቀረው ለጀልባው ባለቤትና ለሠራተኞቹ ይከፈላል። አከፋፈሉ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ መርሁ ግን ያው ነው።

ከሽያጩ 100 ገባ እንበል። ወጪው 30 ነው። የቀረው 70 ለሁለት ይከፈልና 35ቱን ሦስት ሠራተኞች ይካፈሉታል። ለአንድ ሰው 12 አካባቢ ደረሰው ማለት ነው። አሁን ነዳጅ ተወደደና ወጪው 60 ሆነ። ዓሣው ያው ነው፣ ዋጋውም ያው ነው። የቀረው 40፣ ለሠራተኞቹ 20፣ ለአንድ ሰው 7 እንኳ አይሞላም። ማንም ደሞዝ አልቀነሰበትም፣ ማንም አላባረረውም፣ ግን ገቢው በግማሽ ያህል ወረደ። ያውም ባህሩ በሰጠበት ቀን ነው። ባዶ መረብ ይዘው ከተመለሱ ነዳጁ ዕዳ ሆኖ ወደሚቀጥለው ጉዞ ይዞራል።

የስሪላንካው ከዚህም የከፋ ነበር። እዚያ ትልልቆቹ፣ ለቀናት ባህር ላይ የሚቆዩት ጀልባዎች በናፍጣ ነው የሚሠሩት። የትንንሾቹ የፋይበር ግላስ ጀልባዎች ሞተር ግን አብዛኛው በነጭ ጋዝ ነው የሚሄደው። ይህ ሞተር በቤንዚን ይነሳል፣ ሲሞቅ ወደ ነጭ ጋዝ ይዞራል፣ ከመጥፋቱ በፊት ደግሞ እንደገና ወደ ቤንዚን ይመለሳል። አለበለዚያ በማግስቱ አስነሳ ብትይው እምቢ ይላል። ስለዚህ ሰውየው የሁለቱም ሰልፍ አለበት። መጀመሪያ ለወራት ነጭ ጋዙ ጠፋ። ከዚያ ኦገስት 2022 ላይ ድጎማው ተነሳና ሊትሩ ከ87 ሩፒ ወደ 340 ሩፒ ዘለለ። በአንድ ጊዜ አራት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ያውም ከዓመት በፊት፣ በ2021፣ ኤክስ ፕሬስ ፐርል የተባለችው ዕቃ ጫኝ መርከብ ኮሎምቦ አጠገብ ተቃጥላ የፕላስቲክ እንክብሏ ባህር ዳሩን ሞልቶት፣ በዚያ አካባቢ ማጥመድ ተከልክሎ ነበር። ሰዎቹ ከዚያ ሳያገግሙ ነው ሁለተኛው የመጣባቸው።

በመጀመሪያው ወር ምን ያደርጋሉ ላልሽው፣ ከእጅ ጥሬ ገንዘብ የሚያስወጣውን ሁሉ ይቀንሳሉ። ሩቅ መሄድ ይቀራል። በየቀኑ የሚወጣው ሰው ጨረቃውንና ሞገዱን አይቶ ተስፋ ያለውን ቀን ይመርጣል። ሁለት ባለ ጀልባዎች በአንድ ጀልባ ይወጣሉ። ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ፣ ጀልባ ውሃ እየገፋ ስለሚሄድ ትንሽ ፍጥነት ለመጨመር በጣም ብዙ ነዳጅ ነው የሚበላው፣ ረጋ ብሎ የሄደ ሰው የሚያተርፈው ጄሪካኑን ሲያየው ይታወቀዋል። መቅዘፊያና ሸራ ያለው ደግሞ ያን ጊዜ ከባለ ሞተሩ ይሻላል።

ችግሩ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ዳር ሲጠጋ ነው። ዳር ያለው ዓሣ ትንሽ ነው፤ ገና ያላደገውም የሚኖረው እዚያ ነው።

አቤል_ኢኮ፦

የውሃ_ሰው የወጪውን ጎን በደንብ አስቀምጦታል። እኔ የገቢውን ልጨምር፤ ምክንያቱም ገንዘብ ሲረክስ ሁሉም አጥማጅ አይጎዳም። ይህን ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳዋል።

የ1997ና የ98ን የእስያ ቀውስ ውሰዱ። የኢንዶኔዥያ ሩፒያ ከቀውሱ በፊት አንድ ዶላር በ2,400 ገደማ ነበር። በ1998 ከ15,000 በላይ የሆነበት ጊዜ አለ። ጃካርታ ላይ ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ሰው ሥራ ሲያጣ፣ ሱላዌሲ የተባለችው ትልቅ የኢንዶኔዥያ ደሴት ዳር ባሉት ትንንሽ ደሴቶች ዓሣውን ለውጭ ገበያ የሚሸጠው ሰው በሩፒያ ሲቆጠር ገቢው ከፍ አለ። በሕይወት እንዳለ ለሆንግ ኮንግ ምግብ ቤቶች የሚላከው ግሩፐር የሚባለው ዓሣ፣ የባህር አረም፣ ሽሪምፕ፣ ሁሉም በዶላር ነው የሚሸጠው። ለመንደሩ ገበያ ትንንሽ ዓሣ የሚያጠምደው ጎረቤቱ ግን የሚሸጠው በሩፒያ ነው፤ መረቡን፣ የሞተር መለዋወጫውንና ሩዙን ደግሞ በተወደደ ዋጋ ነው የሚገዛው። ሁለቱ በአንድ ደሴት ላይ ይኖራሉ። ቀውሱ ለአንዱ መጣለት፣ ለሌላው መጣበት።

ስለዚህ ማርታ፣ አንዱ ቆሞ አንዱ የሚወድቀው ለምንድን ነው ላልሽው የመጀመሪያው መልስ ይህ ይመስለኛል፤ የምትሸጪው በየትኛው ገንዘብ ነው፣ የምትገዢውስ? ያ ትርፍ ግን ጣጣ አለው። ግሩፐሩ ሳይሞት መያዝ ስላለበት ጠላቂዎቹ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ድንጋዩ ውስጥ ይረጩበታል። ዓሣው ይደነዝዛል፣ ኮራል የሚባለው ድንጋይ መሳይ የባህር ፍጥረት ይሞታል። ዋጋው ሲያምር ደግሞ የሚረጨው ሰው ይበዛል።

የውጭ ገበያ ላይ መንጠልጠል በሌላ በኩልም ይጎዳል። ጃንዋሪ 2020 ላይ ኮቪድ ተነስቶ ቻይና ገበያዎቿን ስትዘጋና በረራው ሲቆም፣ ከነሕይወቱ የሚላከው ሎብስተር የሚባለው ባለ ቅርፊት የባህር እንስሳ ከኒውዚላንድ እስከ ባሃማስ ገዥ አጣ። ያ ደግሞ የገንዘብ መርከስ ቀውስ አልነበረም። በር የተዘጋበት ቀውስ ነው። አንዱን ቀውስ ያሻገረሽ ነገር በሌላው ይጥልሻል።

ሐና_ም፦

እህቴ ማርታ፣ ሁለቱም ያሉት ልክ ነው። ግን ለእኔ ዋናው ነገር ገና አልተነሳም። እሱም ዕዳ ነው።

አቤል የጠቀሳቸው ሱላዌሲ ዳር ያሉ ደሴቶች ላይ፣ በተለይ ማካሳር ከተማ ፊት ለፊት ስፐርሞንዴ በሚባሉት፣ ፑንጋዋ የሚሏቸው ሰዎች አሉ። ፑንጋዋው ገንዘብ ያበድራል፣ ሞተር ይገዛል፣ መረብ ይሰጣል፣ ዓሣውን ይረከባል። ፊሊፒንስ ውስጥ ደግሞ ሱኪ የሚሉት ተመሳሳይ የገዥና የሻጭ ቁርኝት አለ። ስሙ ይለያይ እንጂ በየደሴቱ የዚህ ዓይነት ሰው አታጡም። ብድሩ ብዙ ጊዜ በግልጽ የተጻፈ ወለድ የለውም። ወለዱ ያለው ዋጋው ውስጥ ነው። የተበደረ ሰው ዓሣውን ለሌላ ገዥ መሸጥ አይችልም፤ አበዳሪው ደግሞ ከገበያው ዝቅ አድርጎ ነው የሚመዝንለት። ዕዳው ተከፍሎ እንዲያልቅም ማንም አይቸኩልም።

ከውጭ ለሚያየው ይህ ብዝበዛ ነው። ነውም። ነገር ግን ክፉ ቀን ሲመጣ ሌሊት በሩ የሚንኳኳው ሰው እሱ ነው። ልጅ ሲታመም፣ ሩዝ ሲያልቅ፣ ማዕበል ጀልባ ሲሰብር ባንክ አይመጣም። ባንክ ያረጀ መረብና የፋይበር ጀልባ በመያዣነት አይቀበልም፤ ደሴቱ ላይ ቅርንጫፍም የለውም። ስለዚህ አጥማጁ ዋስትናውን ከዓሣው ዋጋ ላይ በየቀኑ እየከፈለ ነው የሚኖረው።

ቀውስ ላይ እንግዲህ ሁለት ነገር ይሆናል። አበዳሪው ራሱ ከላይ ላለው ላኪ ባለ ዕዳ ነው። ላኪው ሲቆም ሰንሰለቱ በሙሉ ይቆማል፤ ደሴቱ ላይ ብድር የሚባል ነገር ይጠፋል። ወይም አበዳሪው አቅም አለውና ያበድራል፣ ሰውየው ለነዳጅ ይበደራል፣ ጉዞው አያዋጣም፣ ለቀለብ ይበደራል፣ ከዚያ መጀመሪያ ሞተሩ፣ ቀጥሎ ጀልባው ይሄዳል። ጀልባውን የሚገዛው ማን እንደሆነ ልነግርሽ አያስፈልግም። በማግስቱ ሰውየው በዚያው ጀልባ ላይ በድርሻ ተቀጥሮ ይወጣል። የጠየቅሽው ሁለተኛው ዓመት ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

"ችግር ቻይ ሕዝብ ነው፣ ሁሉን ይቋቋማል" እየተባለ ሲጻፍ የምበሳጨው ለዚህ ነው። አዎ ተቋቁሟል። የተቋቋመው ግን ጀልባውን ከፍሎ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚከፍለው የለውም።

ማርታ_ደ፦

ሐና፣ ይህን ሳነብ አዘንኩ፤ ግን ገባኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ሁላችሁም የጻፋችሁት ባህር ላይ ስለሚወጣው ሰው ነው። ቤት ያሉትስ? ዳር ላይ ያሉት ሴቶችስ? ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ከነጭራሹ ሲጠፋ ምን ይደረጋል?

ናሆም_ጉዞ፦

የማርታን ጥያቄ እኔ ልሞክር፤ በሥራ ምክንያት ጥቂት ደሴቶች ላይ የመቆየት ዕድል ገጥሞኛል።

ባህር ላይ ወንዱን አየሽው እንጂ ዓሣው መሬት ከነካ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ቦታ በሴቶች እጅ ነው። መሰንጠቅ፣ ጨው ማሸት፣ ማድረቅ፣ ማጨስ፣ ተሸክሞ መሸጥ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ፋኦ ከሌሎች ጋር ሆኖ ባወጣው ጥናት መሠረት በአነስተኛ ዓሣ ማጥመድ ዘርፍ ከተሰማሩት 10 ሰዎች 4ቱ ሴቶች ናቸው። ቀውስ ሲመጣ የእነሱ ሥራ ወደ መሃል ይመጣል። ስሪላንካ በ2022 መብራት በቀን እስከ 13 ሰዓት የጠፋበት ጊዜ ነበር። መብራት ከሌለ በረዶ የለም። በረዶ ከሌለ ትኩስ ዓሣ ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል። ያን ጊዜ ጨውና ፀሐይ ነው ያለው። የደረቀ ዓሣ በኪሎ ሲታሰብ እንደ ትኩሱ ላያዋጣ ይችላል፤ ግን ሳምንታት ይቆያል፣ ነጋዴው "ዛሬ ካልሸጥክ ነገ ይጣላል" ብሎ ዋጋ እንዳይሰብር ያደርጋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ትኩስ ዓሣ የያዘ ሰው ለመደራደር ጊዜ የለውም፤ የደረቀ የያዘ ሰው ግን ነገም ሌላ ቀን ነው።

ዛንዚባር ያየሁትን ልንገራችሁ። ውሃው ሲሸሽ ሴቶቹ ጥልቀት ወደሌለው ባህር ይገባሉ። ሁለት ሁለት ካስማ ተተክሎ በመካከሉ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ በትንሽ በትንሹ ርቀት የባህር አረም ቁራጭ በቀጭን ሲባጎ ያስራሉ፤ ጎንበስ ብለው፣ ጨው ውሃ ውስጥ፣ ጣታቸው ተልጦ። ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ ይለቅሙታል፣ ያደርቁታል፣ ለላኪ ይሸጡታል። ይህ ሥራ እዚያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው የተስፋፋው፤ አብዛኛው ሠራተኛ ሴት ነው። ዓሣ በጠፋበት ሳምንት ቤቱን የያዘው ይህ ነው። ዋጋውን የሚወስነው ግን ሌላ ቦታ ያለ ገዥ ነው። ውሃው እየሞቀ ሲመጣ ደግሞ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት አረም እየሞተ አስቸግሯቸዋል። "ሌላ ሙያ ይልመዱ" የሚለው መልስ እንግዲህ ሲተገበር ይህን ይመስላል፤ ሥራ ነው፣ ያውም ከባድ ሥራ፣ ግን ራሱን የቻለ ቀውስ አለው።

ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ ላልሽው ፊጂን ማየት ነው። ማርች 2020 ላይ በኮቪድ ምክንያት ድንበሯን ዘጋች። ቱሪዝም በቀጥታም በተዘዋዋሪም ከኢኮኖሚዋ 40 በመቶ ገደማ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ለሆቴል ዓሣ ያቀርብ የነበረው ሰው ገዥ አጣ፤ ሆቴሉ ውስጥ ትሠራ የነበረችው እህቱም ከሥራ ቀረች። በኤፕሪል ፌስቡክ ላይ "ባርተር ፎር ቤተር ፊጂ" የሚባል ገጽ ተከፈተ። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ገባበት፤ የአገሪቱ ሕዝብ አንድ ሚሊዮን እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ። ሰው ዓሣ በዳይፐር፣ ሥራ ሥር በልብስ፣ ምን በምን እየለዋወጠ ያን ጊዜ አለፈ። የቆየው የመደጋገፍ ልማዳቸው ስልክ ላይ ወጣ በሉት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ያን ጊዜ ከከተማ የተመለሱትም ሰዎች መረብና መንጠቆ አነሱ። ሰሎሞን ደሴቶች ላይ መንግሥት ራሱ ነዋሪዎች ከዋና ከተማዋ ከሆኒያራ ወደየመንደራቸው እንዲመለሱ ጠይቆ ነበር። ማርታ "ለምን ሥራ አይቀይሩም" ለሚሉት መልስሽ እዚህ ነው፤ በቀውስ ጊዜ ሰው ከዓሣ ማጥመድ አይወጣም፣ ሌላው ሥራ ያጣ ሰው ነው ወደ እሱ የሚገባው።

የውሃ_ሰው፦

ናሆም የመጨረሻውን ስላነሳኸው አመሰግናለሁ፤ እኔም ልመጣበት ነበር። ኩባ ለዚህ ከባድ ምሳሌ ናት። ሶቪየት ስትፈርስ ነዳጁ ተቋረጠ፣ ከ1989 እስከ 1993 ኢኮኖሚያቸው ከሦስት እጅ አንዱን ያህል አጣ። በሶቪየት ነዳጅ ሩቅ ውቅያኖስ ድረስ ይሄድ የነበረው ትልቅ የዓሣ መርከብ ሁሉ ከሥራ ወጣ። ተራው ሰው ደግሞ ጀልባ ማግኘት አይችልም፤ መንግሥት ሰው በጀልባ ወደ አሜሪካ ይኮበልላል ብሎ በጥብቅ ይቆጣጠር ነበር። ታዲያ ሰው ምን አደረገ? የጭነት መኪና ካላማዳሪያ ነፍቶ፣ መሃሉ ላይ መቀመጫ ሠርቶ፣ በእጁ እየቀዘፈ ሌሊት ገባ። አንድ መንጠቆና ክር ይዞ፣ ባህር ላይ፣ በካላማዳሪያ። ዛሬም እንዲህ የሚያጠምዱ አሉ። የግል አጥማጅን በሕግ የሚያውቀው የዓሣ ሀብት ሕግ የወጣው በ2019 ነው። እስከዚያ ድረስ ሰውየው ቤተሰቡን እየመገበ የነበረው በሕግ ፊት እንደሌለ ሰው ሆኖ ነው።

እና ማርታ፣ ለሁለተኛው ጥያቄሽ የእኔ መልስ ይህ ነው። ከዕዳው ቀጥሎ የሚወስነው ባህሩ የማን ነው የሚለው ነው። ዳር ያለው ውሃ ማንም የሚገባበት ከሆነ ቀውስ ላይ ሁሉም ይገባል፣ ትንሽ ቀዳዳ ያለው መረብ ይወጣል፣ በማዳበሪያ የሚሠራ ፈንጂ የሚጥልም ይመጣል። የመንደሩ ሰው "ይህ የእኛ ነው፣ ዛሬ አይነካም" ማለት ከቻለ ግን ሌላ ነው።

ደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር ላይ ቬዞ የሚባሉ ሰዎች አሉ። በሸራ ታንኳ ነው የሚሄዱት፣ ነዳጅ አያስፈልጋቸውም፣ ዓሣ ሲጠፋ ቤተሰባቸውን ጭነው ሩቅ ደሴቶች ድረስ ሄደው ወራት ይቀመጣሉ። በ2004 አንዳቫዱዋካ የተባለው መንደር አጠገብ አንድ የኦክቶፐስ (ስምንት እጅ ያለው የባህር እንስሳ) ማጥመጃ ቦታ ለጥቂት ወራት ዘጉ። ኦክቶፐስ በጣም ፈጣን አዳጊ ነው፤ ለሁለት ሦስት ወር ከተተወ ክብደቱ በእጅጉ ይጨምራል። ሲከፈት ሴቶቹ ውሃው በሸሸበት ኮራሉ ላይ እየሄዱ በዘንግ እየወጉ ትልልቁን ለቀሙ። ሌሎች መንደሮች አይተው ተከተሉ፤ ዛሬ የመንደሮቹ ኅብረት ቬሎንድሪያኬ በሚል ስም የራሱን ባህር ያስተዳድራል። አንድ ደካማ ጎን አለው፦ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ቀን ይረባረብበታል፣ የማይመለከተውም ከሩቅ ይመጣል። ግን ልብ በይ፣ መዝጋት የቻሉት ለዚያ ወር የሚበሉት ሌላ ቦታ ስለነበራቸው ነው። የተራበን መንደር "ባህሩን ዝጋ" ማለት አይሠራም። ቀውሱ ከመምጣቱ በፊት ነው መለመድ ያለበት።

አቤል_ኢኮ፦

በዚህ ላይ አይስላንድን ልጨምር፤ ሀብታም አገር ስለሆነች "ይህ ምን አገናኘው" እንዳትሉኝ። ኦክቶበር 2008 ላይ ትልልቆቹ ባንኮቿ ወደቁ፣ ገንዘቧ ክሮና ከዩሮ አንጻር ወደ ግማሽ ወረደ። እዚያ የማጥመድ ኮታ፣ ማለትም ይህን ያህል ዓሣ ያዝ ተብሎ የሚፈቀደው ድርሻ፣ ለዓመታት በጥቂቶች እጅ ተጠራቅሞ ነበር፤ በ2007 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ አሠራሩ አድልዎ አለበት ብሎ ነበር። በ2009 አጋማሽ መንግሥት ለትንንሽ ጀልባዎች በር ከፈተ። ከሜይ እስከ ኦገስት፣ ኮታ የሌለው ሰው ፈቃድ አውጥቶ መውጣት ይችላል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ በመንጠቆ ብቻ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ በቀን አንድ ጉዞ፣ ከ14 ሰዓት ያልበለጠ፣ የተያዘው ኮድ ወደሚባለው ዓሣ ተመንዝሮ ሲታሰብ ከ650 ኪሎ ያልበለጠ። ሥራ ያጣው ሰው ወደ ባህር መምጣቱ አልቀረም። ግን በልክ ገባ፤ መረብ ሳይሆን መንጠቆ ይዞ።

ማርታ_ደ፦

ይህ በጣም ጠቅሞኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ የመጨረሻ ጥያቄ፦ መንግሥት ወይም ለጋሽ ትንሽ ገንዘብ ቢኖረው የት ያውለው? የነዳጅ ድጎማ ነው መጀመሪያ ሰው አፍ ላይ የሚመጣው።

አቤል_ኢኮ፦

የነዳጅ ድጎማ ብዙ የሚጠቅመው ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥለውን ነው። በ2018 መንግሥታት ለዓሣ ማጥመድ ከሰጡት 35 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ድጎማ ውስጥ ከ80 በመቶ በላዩ የሄደው ለትልልቅ መርከቦች ነው። ትንሹ አጥማጅ ግን በዓለም ላይ ከሚያዘው ዓሣ ቢያንስ 40 በመቶውን ያወጣል። በእርግጥ ዋጋው በአንድ ሌሊት አራት እጥፍ ሲሆን ሰውየውን ዝም ብሎ ማየት አይቻልም። ያን ጊዜ ገንዘቡን በቀጥታ ለቤተሰቡ መስጠት ነው፤ ነዳጅ ይግዛበት፣ ቀለብ ይግዛበት፣ ዕዳ ይክፈልበት፣ እሱ ይወቅበት።

ሐና_ም፦

በአቤል እስማማለሁ፤ እኔ ግን ከዕዳው እጀምራለሁ። አበዳሪውን በአዋጅ ማስወገድ አይደለም የምለው። እሱን ካስወገድሽ በሌሊት የሚንኳኳ በር አይኖርም። መጀመሪያ የቁጠባ ማኅበር ይቋቋም፣ ሴቶቹ ይያዙት፣ ለሞተር ጥገና፣ ለሕመምና ለቀለብ የሚሆን ትንሽ ብድር ይስጥ። ሰው ለእነዚያ ነገሮች ወደ ነጋዴው መሄድ ሲያቆም ዓሣውን ለፈለገው መሸጥ ይጀምራል፤ የዋጋው ልዩነት ራሱ ዕዳውን እየከፈለ ይሄዳል። ከዚያ ናሆም ያለው ማድረቂያ፦ ከመሬት ከፍ ያለ መደብ፣ መሸፈኛ መረብ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚገባበት ጣሪያ። ብዙ ወጪ የለውም። በረዶ ማምረቻ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ መብራት የማይታመንበት ደሴት ላይ ቀድሞ የተተከለ በረዶ ቤት ቆሞ ዝጎ ነው የሚቀረው። ውሃውን በመንደሩ ስም ማስመዝገቡ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ፊርማ ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ ገንዘቡ እስኪመጣ ሳይጠበቅ አሁኑኑ ሊጀመር ይችላል።